የጎረቤት መርፌ

አፈወርቅ የበግ ነጋዴ ነው። የበጉን ላት ጨብጦ ስቡን፣ የባለቤቱን ዓይን አይቶ ሐሰቱን እንደሚለይ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ራሱ ይናገራል። ሐኪም ማለት ለእሱ ነጭ የለበሰ ደላላ ነው።

እናቱን ወይዘሮ ገበያነሽን የሐሞት ጠጠር አሠቃይቷቸው፣ በጠበሉም አልሻል ሲላቸው፣ እያጉረመረመ ሆስፒታል አመጣቸው።

የቀዶ ሕክምናው ዕለት ነርሷ ፅዮን፣ እናቱን ወደ ውስጥ ከማስገባቷ በፊት መርፌ ይዛ መጣች። የምን እንደሆነ ጠየቃት። ቁስሉ እንዳያመረቅዝ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው፤ ሐኪሙ ሆድ ከመክፈቱ በፊት ደም ውስጥ መሰራጨት አለበት ብላ በትሕትና አስረዳችው።

«ቁስሉ የታለና?» አለ አፈወርቅ፣ ኮሪደሩ ሁሉ እንዲሰማ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸ ነው። ሰው ሳይቆስል የሚያክም ዛሬ አየሁ።»

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተራቸውን የሚጠብቁት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ሳቁ ደስ አለውና ስለ ሐኪሞች ሌላም ጨመረበት። እናቱ ግን ክንዳቸውን ለነርሷ ዘረጉላት።

«አንተ ዝም በል» አሉት። «የሚቀደደው ያንተ ሆድ አይደለም።»

ቀዶ ሕክምናው ደኅና ሆነ። ከዚያ ወዲያ ግን ለወይዘሮ ገበያነሽ መርፌ የሚባል ነገር ቀረ። ከጎናቸው ግን በዚያው ዕለት ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ጥሩሸዋ የምትባል የዘመሮ ሴት ተኝታለች። እሷን ፅዮን ጠዋት ማታ መርፌ ትወጋታለች፤ በመጋረጃ ከልላ ቁስሏን ታጥብላታለች። ሐኪሙም እሷ ዘንድ ሲደርስ ይዘገያል። የእናቱን ግን ገልጦ ያይና «ደርቋል» ብሎ ያልፋል።

አፈወርቅ ለምን ብሎ ጠየቀ። ለእናትህ ያ የፊቱ ይበቃቸዋል ተባለ። በአፍንጫው ሳቀ።

ፅዮን የዘመሮ ልጅ መሆኗን ከዘበኛው አጣርቷል። ነገሩ ተገለጠለት። የእናቱ መድኃኒት ለአገሯ ሰው እየተሻገረ ነው። በግ የሰረቀ ሰው እንኳ ቆዳውን ይቀብራል፣ እነዚህ በጠራራ ፀሐይ ይወጋጋሉ እያለ ለጠያቂው ሁሉ አወራ። ፅዮን ሰምታ አንገቷን ደፋች። እሱም ይኸን የሌባ ምልክት ነው አለ።

ወይዘሮ ገበያነሽ እንዲወጡ ተፈቀደላቸው። የሚለብሱትን የሱፍ ባና አጣጥፈው፣ ጫማቸውን አጥልቀው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እንሂድ አሉት። እሱ ግን ይችን ሌባ ለኃላፊው ሳልከስ ንቅንቅ አልልም አለ። ለክሱም ምስክር አማረው።

ፅዮን እስክትወጣ ጠብቆ ወደ ጥሩሸዋ አልጋ ጠጋ አለ። እግዜር ይማርሽ እንኳ አላላትም። የእናቴ መርፌ አንቺ ላይ የሚያልቀው በምን ዝምድና ነው ሲል ጠየቃት።

ጥሩሸዋ በትኩሳት የደረቀ ከንፈሯን በምላሷ አራሰች።

«ዝምድናዬስ ከእርስዎ ጋር ነው» አለችው። «ያን ዕለት አግዳሚው ላይ ሆኜ እርስዎን ሰምቼ ነው፣ ተራዬ ሲደርስ ተወግቻለሁ ብዬ የዋሸሁት።»