ሽማግሌዎቹ እስኪደርሱ

«ሦስተኛ የማያሚው» ይላል አሳምነው፣ የብዕሩን ጫፍ እያኘከ። «ምን ትላለህ?»

«ጥሩ ነው» እለዋለሁ።

«አራተኛ የዳላሱ።»

«እሱም ጥሩ ነው።»

ቀና ብሎ ያየኛል። እኔ በመስኮቱ ወደ ታች አያለሁ። ከአፓርትማው ፓርኪንግ የገባ አዲስ መኪና የለም። ሽማግሌዎቹ ገና አልደረሱም።

እህቱ ማሚት ዓርብ ዕለት አዲስ አበባ አርፋለች። ከዚያ ደውለው ለዕድራችን ሰብሳቢ ለጋሽ ለሜሳ ነገሩ። እኔ አውቃለሁ፣ ሚስቱ ሮማነወርቅ ታውቃለች፣ ሆፕኪንስ ከተማ ያለ አበሻ በሙሉ ያውቃል። እሱ ብቻ አያውቅም። ወላጆቹ ገጠር ሲቀሩ አዲስ አበባ ወስዳ፣ ጉሊት ነግዳ ያስተማረችው ማሚት ናት።

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ አንድ ሰውም ብቻውን ተነስቶ አይናገረውም። አገር ቤት ቢሆን ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን በሩን እናንኳኳ ነበር። እዚህ አሜሪካ ሰዉ ሁሉ የሥራ ሺፍት ስላለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን ተባለ። የእኔ ድርሻ እስከዚያ ድረስ እሱን እቤት ማቆየት ነው። ሮማነወርቅ የስልኩን ገመድ ነቅላ፣ ራሴን አሞኛል ብላው መኝታ ቤት ገብታለች።

እሱ ደግሞ ዛሬ ድራፍት የሚሉት የተጫዋች ምርጫ አለበት። ፍሪድሊ ከተማ ባለው ፋብሪካ ውስጥ አብረውት የሚሠሩት ፈረንጆች በየዓመቱ የሚጫወቱት ነገር ነው። እያንዳንዱ ሰው ከአሜሪካ ፉትቦል ቡድኖች ተጫዋች እየመረጠ በወረቀት ላይ የራሱን ቡድን ያቋቁማል፤ የመረጣቸው ልጆች በየሳምንቱ ሜዳ ላይ ጥሩ ከሠሩ ለእሱ ነጥብ ይሆንለታል። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠርተውታል፣ ዉድበሪ ከተማ፣ የአለቃው ቤት ጋራዥ ውስጥ። ያስጨነቀው ኳርተርባኩ ነው፣ ኳሷን የሚወረውረው ሰውዬ። እሱን ከሳትኩ ዓመቱን ሙሉ ምሳ ሰዓት ላይ መሳቂያ ያደርጉኛል እያለ ከነዳጅ ማደያ የገዛውን መጽሔት ሲያገላብጥ ነው የሰነበተው።

«አለልኝ፣ አሞሃል እንዴ?»

«ምነው?»

«አንተ ከእኔ ጋር ተስማምተህ ታውቃለህ? ፀሐይ በምሥራቅ ወጣች ብልህ የምትከራከር ሰው!»

እውነቱን ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ቁጭ ያልኩት ሰውዬ ራሴን በራሴ ላጋልጥ ነው። ወረቀቱን እነጥቀዋለሁ።

«ይሄ ምን ማለት ነው? የግሪን ቤዩን አሥረኛ?»

«ግሪን ቤይ ነዋ!»

«ባለፈው ዓመት ዋንጫ የበላ ቡድን እኮ ነው!»

«ሚኒሶታ እየኖርኩ የባላንጣችንን የግሪን ቤይን ሰው ልመርጥ? በቁሜማ አይሆንም!»

«በሬው ካረሰልህ ቀለሙ ምን ያደርግልሃል?»

«ክህደት ነው፣ አለልኝ!»

«ክህደት? አምና በረዶ ስትጠርግ ይህን አገር ስትራገም የነበርከው ማን ነው? ዛሬ አርበኛ ሆንክብን!»

በሳቅ ይፈነዳል። ሲስቅ ሰውነቱ ሁሉ ነው የሚስቀው፣ ሶፋውን እየደበደበ። እኔም እስቃለሁ። እግዜር ይይልኝ፣ የውሸት አይደለም፣ ከልቤ ነው። የግሪን ቤዩን አንደኛ ብዬ እጽፋለሁ፣ ይሰርዛል፣ መልሼ እጽፋለሁ፣ እጄን ይጠመዝዘኛል። ለትንሽ ጊዜ የማሚት ሞት ከነጭራሹ ይጠፋብኛል።

ከመኝታ ቤት የሮማነወርቅ ሳል ይሰማል፣ ለቅሶ ለመዋጥ የሚሳል ሳል። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። ነገ ይህን ያስታውሳል እኮ። እህቴ ሞታ ጓደኛዬ ሲያስቀኝ ነበር ይላል፤ ቢልስ ምን እመልስለታለሁ?

«እሺ፣ አንደኛ ይሁንልህ» ይላል ዓይኑን እየጠረገ። «ማታ ለማሚት ስደውል ፈረንጆቹ ጨዋታ ጠሩኝ ነው የምላት። ምኑም አይገባት፣ ግን እልል ትላለች፣ አታውቃትም?»

«አውቃታለሁ» እላለሁ።

ተነስቶ የመኪናውን ቁልፍ ያነሳል። «በል፣ ትራፊክ ሳይዘኝ ልሂድ።»

«ቆይ እንጂ፣ ሁለተኛውን እኮ አልተነጋገርንበትም።»

«እየነዳሁ አስብበታለሁ።»

«አሳምነው፣ ቁጭ በል አልኩህ!» ድምፄ ጮኸብኝ። ምን ሆነሃል በሚል ዓይን እያየኝ ነው በሩ የተንኳኳው።

ራሱ ይከፍተዋል። ከፊት ጋሽ ለሜሳ፣ አጠገባቸው ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው፣ ከኋላ ኮሪደሩ ሞልቶ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንድም ሰው ደህና ዋልክ አይልም።

አሳምነው በሩን እንደያዘ ይቀራል። እንዲህ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያጣዋል? እሱም ስንቱ ቤት አብሯቸው ሄዷል።

«ግባና ተቀመጥ፣ ልጄ» ይላሉ ጋሽ ለሜሳ።

አይቀመጥም። «ጋሼ፣ አጎቴ ናቸው?»

«አይደሉም።»

«አባቴ?»

«አባትህ ደህና ናቸው። ተቀመጥ።»

«እማዬ ናት?»

«እናትህም ደህና ናቸው፣ ልጄ።»

እናትህ ደህና ናቸው ሲሉት የቀረችውን ስም ሳይጠራ በሩን ለቆ ወደ ኋላ ይላል። ዘልዬ በብብቱ እይዘዋለሁ። ጋሽ ለሜሳ ለመናገር አፋቸውን ሲከፍቱ ፊቱን ከእሳቸው አዙሮ ትከሻዬ ላይ ይደብቃል።

«አለልኝ፣ በእናትህ» ይለኛል ሸሚዜን ጨብጦ፣ «አይናገሩ በላቸው።»