ሳይጠሩ የመጡ እንግዶች

መምህሩ ዕድሜውን ሙሉ “በምን አወቃችሁ? ማን ነገራችሁ?” እያለ ተማሪ ሲሞርድ፣ የገዛ ጭንቅላቱ ተስሎ ምላጭ ሆነ። ዝንብ እንኳ ምክንያቷን ሳታስረዳ አታርፍበትም።

ሐኪሙ “ጨጓራ ነው” ብሎ በሸኘው በሳምንቱ ዘመድ አዝማድ ሳይጠራ ቤቱን ሞላው። የሚስቅ የለም። ሚስቱም ስልኩን ደብቃበታለች።

“ጨጓራ አመመው ቢሉን ልንጠይቅህ መጣን” አሉ አጎቱ፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

“ለጨጓራ ከደብረ ማርቆስ ድረስ? ጋሼ፣ ይህን የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ እንኳ አያምኑዎትም! ስልኬ የተደበቀው ለእናቴ እንዳልደውል ነው። መርዶ ይዛችኋል። እናቴ ሞታለች፤ በሉ ንገሩኝ!”

ሚስቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ያን ጊዜ በሩ ተከፈተ። ከቀዬዋ ወጥታ የማታውቅ እናቱ በሰው ተደግፋ ገባች፤ አንገቱ ላይም ተጠመጠመች።

“እኔን ያስቀድመኝ፣ ልጄ!”