የመጨረሻው ዙር ብልሃት

በመሥሪያ ቤቱ የፋንታሲ እግር ኳስ ውድድር እሱን የሚያህል አልነበረም። በምሳ ሰዓት ተሰብስበው ለየምናብ ቡድናቸው እውነተኛ ተጫዋቾችን በየተራ ሲመርጡ፣ ሌላው ስመ ጥር አጥቂ ለመውሰድ ሲራኮት እሱ ሻዩን ፉት ይላል። በመጨረሻው ዙር ማንም ከቁብ ያልቆጠረውን አንድ የመስመር ተከላካይ ያነሳና ዓመቱን ሙሉ ነጥብ ያፍሳል።

“ምን ያስቸኩላል?” ይላታል ትርሲትን፣ ብልሃቱን ያስተማራትን ባልደረባውን። “ሰው የማይፈልገው ተጫዋች የት ይሄዳል? ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል።”

ትርሲት የመምሪያ ኃላፊ በሆነች በዓመቱ መሥሪያ ቤቱ እንደ አዲስ ተዋቀረና ኃላፊዎቹ ሠራተኞቻቸውን በየተራ እንዲመርጡ ተደረገ። በአመራረጥ ቅደም ተከተል የተጻፈው ዝርዝር ሲለጠፍ ስሙን ከላይ ጀምሮ ፈለገ። ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለ ሰው ከየት ይጀምር? ያገኘው ግን ከታች፣ መጨረሻው መስመር ላይ ነው። የመረጠችው ደግሞ ትርሲት።

ፊቱ በርበሬ መስሎ ቢሮዋ ገባ። እሷ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠችው።

“እንኳን ደስ አለዎት፣ ጋሼ!” አለችው፣ ዓይኗ በኩራት እያበራ። “ሌሎቹ ሲሻሙ እኔ ሻዬን እየጠጣሁ ጠበቅኩ። እርስዎን ማንም እንደማይነካብኝ እርግጠኛ ነበርኩ።”