የታደሉት የሚኖሩበት ቤት

ሴትዮዋ ጣሪያው ለሚያፈሰው ዝናብ ሳፋ ደቅና ጆሮዋን ለሬዲዮው ሰጠች። ስለ ከተማዋ ውብ ቤቶች የሚያወራው የቅዳሜው ጋዜጠኛ ዛሬ የሚያቀርበው ቤት ጉድ አሰኝቶታል።

"ሰገነቱ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ እንጨት ነው፤ ደረጃው ሲረግጡት ያዜማል!"

"ትሰማለህ?" አለች ባሏን። "ሰው እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ይኖራል፤ እኛ እዚህ እንበሰብሳለን።"

"ይልቅ ሳፋውን ድፊ፤ ሞልቷል።"

"የታደሉ! እኔ ብሆን ግድግዳውን ስስም ነበር የምውለው።"

"ነዋሪዎቹም ቅርሳቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚጠብቁት" ቀጠለ ጋዜጠኛው። "ባለፈው ደረጃውን ስወጣ አንዲት እናት እንዴት እንደተቆጡኝ ስሙልኝማ።"

ከሬዲዮው የወጣው የራሷ ድምፅ ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣ ውረድ ከዚያ! ሊናድብን ነው እኮ!"