ከፀሐይ ጎን

ሶረቲ ሱቅ ጥግ ተቀምጣ፣ ላፕቶፗ ላይ የታየውን መስመር ልትሰርዘው ማውሱን ታስጠጋና እጇን ትገታለች።

ባለሱቁ ሁሴን ከሸጠላት በኋላ በዚሁ ሱቅ ጣሪያ ላይ እንድትተክላቸው የፈቀደላት ሁለት ዲሾች ከሰማይ የሚመጣውን የሬዲዮ ሞገድ ያዳምጣሉ። የሰሙትን፣ ማንም በነፃ የሚያወርደው ፕሮግራም አጣምሮ ላፕቶፗ ላይ ይስለዋል። የሰኔ ቀትር ነው፤ ፀሐይ ከአምቦ ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ በካቺሲ በኩል ታልፋለች። ሥዕሉ ላይ ረጋ ብላ የምትወጣና የምትወርድ ማዕበል ናት። ከጎኗ ግን ሌላ መስመር አለ።

የዩኒቨርሲቲ መምህሯ ያስተማራት ደንብ ቀላል ነው፤ ከሰማይ ጋር የማይጓዝ ምልክት ሁሉ ከሰው የመጣ ነውና ይጣል። ሰማይ አንዴ ወደ ምዕራብ ካቀና አይመለስም። ይሄኛው ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። የስልክ ማማ ቢሆን ካለበት አይነቃነቅም ነበር።

ሁሴን ከባንኮኒው ጀርባ አንገቱን አስግጎ ያያል።

«ዲሹ ነው የተበላሸው? በኋላ ሁሴን የወደቀ ዕቃ ሸጠልኝ ብለሽ ስሜን እንዳታጠፊ።»

«ዲሹ ደህና ነው፣ ኦቦ ሁሴን።»

የሁሴን ልጅ ሰዲቅ ጠዋት ቆርቆሮና ሚስማር ጭኖ ወደ ካቺሲ ገበያ ወጥቷል። በዚያ በኩል ስልክ ከተቋረጠ ሰንብቷል። ከገጠር የሚመጡት ሰዎች የሚሉትን ሶረቲ ሰምታለች፤ ድሮን የሚዞረው የሚመታውን እስኪመርጥ ነው።

መስመሩ ድሮን ሳይሆን አይቀርም ብላ ብትነግረው ምን ያደርጋል? መኪናው ከሰዲቅ ጋር ነው፤ ስልኩ አይሠራም። ባትነግረውስ?

«ሰዲቅ አሁን የት ደርሶ ይሆን?» ትለዋለች።

«እሱማ ይሄኔ ገበያው መሃል ነው» ይላል ሁሴን እየሳቀ። «ዳር ቆሞ መሸጥ አይሆንለትም። ሰው ካልከበበው ይከፋዋል።»

መስመሩ ይጠባል። መሄጃና መመለሻው እያጠረ፣ እያጠረ ይመጣል። ሶረቲ አፏን ትከፍታለች፤ የትኛውን ቃል እንደምታስቀድም ሳታውቅ መስመሩ መዞሩን ትቶ ቀጥ ይልና ይጠፋል።

«እሰይ፣ ጠራልሽ» ይላል ሁሴን። ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፣ በር ላይ ወደቆመችው ደንበኛ ይዞራል።

ስክሪኑ ላይ ፀሐይ ብቻ ትቀራለች፤ አንድ እንከን የለባትም።