የሙሽራዋ ጥገና

ሙሽራው ራሱ የሚነዳት አሮጌ የናፍጣ መኪና ሙሽራዋንና ሦስት ሚዜዎችን እንደያዘች ከቡታጅራ አለፍ ብላ ቀጥ አለች። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና ሞተሩን እንደ ሐኪም ጎንበስ ብሎ ተመለከተው።

«ባትሪ ነው» አለ። ሚዜዎቹም ባትሪ መሆኑን መሰከሩ። ጥቂት ቆይቶ «የለም፣ ሙቀት ነው» ሲል ሙቀት መሆኑንም መሰከሩ።

ሙሽራዋ ትርንጎ ያደገችው አባቷ ጋራዥ ውስጥ ነው። በመስኮቱ ብቅ ብላ «የናፍጣው ቱቦ ተሰንጥቆ አየር እየሳበ ነው» አለች።

«አንቺ ሙሽራ ነሽ፣ አርፈሽ ተቀመጪ!» አላት ሙሽራው። «ከዛሬ ጀምሮ መፍቻ የሚባል ነገር አትነኪም።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ሲጠብሳቸው ግን ቬሎዋን ሰብስባ ወረደች። መኪናዋ ላይ ከታሰሩት ፊኛዎች አንዱን አፈነዳች፤ ላስቲኩን ስንጥቁ ላይ ጠቅልላ በሪባን ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ከዚያም የናፍጣ ማጣሪያውን ብሎን በመፍቻ አላልታ፣ የገባው አየር ወጥቶ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ የናፍጣውን የእጅ ፓምፕ ደጋግማ ገፋችና ብሎኑን መልሳ አጠበቀች። ኮፈኑን ዘግታ፣ መሪው ላይ ተቀምጣ ቁልፉን ስታዞር ሞተሩ ተነሣ። ሚዜዎቹ ለሙሽራው አጨበጨቡለት።

ሙሽራው ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «ቤት ስንደርስ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እሺ?» አላት።

«እሺ» አለች ትርንጎ። በሩን ዘጋችና መኪናዋን አዙራ በመጡበት መንገድ ወደ አባቷ ቤት ነዳች።

ሙሽራው ከኮቱ ላይ አቧራውን እያራገፈ ወደ ሚዜዎቹ ዞረ።

«መኪናዋን እየሞከረቻት ነው» አላቸው።