ካሜራው ፊት ያለው አግዳሚ

የልጅ ልጄ የክፍለ ግዛታችን ዋና ሚኒስትር ከሆነ ወዲህ ለበዓል እንኳ አልመጣም። በመላ ሕንድ እንደሱ ቴክኖሎጂ የሚወድ ሹም የለም ይላሉ። በየመንግሥት ቢሮው ካሜራ አስተክሎ፣ ማን እንደሚሠራ ማን እንደሚያንቀላፋ ዋና ከተማው ተቀምጦ በስክሪን ያያል።

እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። መምጣት ባይችል እንኳ ይየኝ ብዬ፣ የመንደራችን ሩዝ ማደያ ቢሮ መሄድ ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት እሱ የገዛልኝን አረንጓዴ ሳሪ ለብሼ ካሜራው ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ እላለሁ። አመማት ብሎ እንዳይሰጋ ሳሌን አፍኜ እይዛለሁ። በቅመም የዘፈዘፍኩለትን ማንጎም ከነብልቃጡ ከፍ አድርጌ አሳየዋለሁ።

የቢሮው ጸሐፊ ቬንካያ ይስቅብኛል።

«እማማ፣ ዛሬስ ምን አሉት?»

«ከስተሃል፣ ብላ አልኩት።»

«እሱ ያይዎታል እንጂ እርስዎ መቼ ያዩታል?»

«አያቱ አይደለሁ? ሳላየውም አውቃለሁ!»

ትናንት ቬንካያ በር ላይ ጠበቀኝ። አልሳቀም።

«እማማ፣ ከዋና ከተማ ተደውሎ ነበር።»

«ማን ደወለ? እሱ ራሱ?»

«ራሱ።»

ልቤ ዘለለ። «አየኝ አይደል? መቼ እመጣለሁ አለ?»

ቬንካያ አቀረቀረ። «በየቀኑ ቢሮ የምትጎለተው ሥራ ፈት አሮጊት ማን ናት? ሁለተኛ እንዳላያት ነው ያለው።»

ብልቃጡን በሳሪዬ ጫፍ ሸፈንኩት።

«ድምፁስ?» አልኩት። «ጉንፋን የያዘው አይመስልም?»